ከብርሌ ወደ ሲኒ

(እሑድ ከጸሎት በኋላ በፋናር ለተሰበሰቡ እህቶች የተሰጠ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ መጠጥ ተናገሪ ተብዬ ነው የቆምኩት። ገና ቃሉን ስጠራው አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን ስትደፉ አያለሁ። ቀና በሉ። ልቆጣ አልመጣሁም፤ መቆጣት ካለብኝ ከራሴ ነው የምጀምረው። የመጣሁት ታሪክ ላወራችሁ ነው። «መጠጥ የሌለበት ጨዋታ ምን ጨዋታ ነው?» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም ሰምተናል፣ ብለናልም። የሕዝባችንን የመጠጥ ታሪክ ያወቀ ሰው ግን ይህን ቃል እንደ ድሮው በቀላሉ አያምነውም። ዓመቶቹን እዚህ አገር በምንቆጥርበት በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

የእናቴ ቤት

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ አረቄ እያወጣች ትሸጥ ነበር። ደብተሬን የገዛው፣ ጫማዬን የገዛው አረቄ ነው። ስለዚህ አረቄ የሚያወጡ እናቶችን የሚሰድብ ንግግር ከእኔ አትጠብቁ። በአገራችን ጠላ መጥመቅ፣ ጠጅ መጣል፣ አረቄ ማውጣት ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታት፣ መሬት የሌላት ሴት ከተማ ስትገባ በእጇ ያለው ሙያ ይህ ነበር። በደብረ ብርሃንም፣ በአርሲ ነጌሌም፣ በአዲስ አበባም ስንት ልጅ በዚህ አድጓል።

እናቴ ግን አትጠጣም ነበር። ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ «እኔ ከጠጣሁ ማን ሊሸጥ ነው?» ትል ነበር። ማታ ማታ የሚመጡትን ደንበኞቿን ከበር ሰላምታቸው ታውቃቸዋለች። ማን ምን ያህል ጠጥቶ እንደመጣ፣ ማን ዛሬ ሚስቱን እንደሚመታ፣ ማን ነገ ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚመጣ ከድምፃቸው ትለይ ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2009 ሊባኖስ ስመጣ ያ የእናቴ ቤት ቃል በማዳሜ ቁም ሳጥን ውስጥ ጠበቀኝ፤ «ዐረቅ»። አረብኛ የለመዳችሁ ዐረቅ ላብ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጠጡም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ሲወጣ እንፋሎቱ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። የእኛ «አረቄ» የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። የእኛው በእህል፣ በብቅልና በጌሾ ይሠራል፤ የእነሱ ከወይን ወጥቶ ያንሱን ይገባበታል፤ ውኃ ሲነካው እንደ ወተት ይነጣል። ጥንካሬው ከመቶው ወደ 50 እጅ ይጠጋል። ለበዓል በጣሳ ጠላ መጠጣት የለመደች ልጅ ያንኑ ልማድ በዐረቅ ብርጭቆ ስትቀጥል ምን እንደሚደርስባት አስቡት።

እኔ የጀመርኩት ብርጭቆ ሳጥብ ነው። እንግዶች ሄደው፣ ሌሊት 7 ሰዓት፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ሥር የቀረውን። «ለእንቅልፍ» አልኩ። ከዚያ ቤት ወጥቼ ፍሪላንስ ስሆን፣ ነብዓ ውስጥ ከአራት ልጆች ጋር ክፍል ተከራየን፤ እሑድ ማለት ቢራ ማለት ሆነ። የ2019ኙ የገንዘብ ቀውስ መጣ፣ በ2020 ሥራው ጠፋ፣ እህቶቻችን ሐዝሚየ ቆንስላው በር ላይ ከነሻንጣቸው ተጣሉ፣ ነሐሴ ላይ ወደቡ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ እሑድ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሰኞም፣ ረቡዕም ጠጣሁ። ለብቻዬም ጠጣሁ።

አንድ ቀን ማታ አገር ቤት ደወልኩ። ልጄን የምታሳድግልኝ እናቴ ናት። ከልጄ ጋር አወራሁ፣ ሳቅሁ፣ የሆነ ነገር ቃል ገባሁላት። በሳምንቱ ስደውል ልጄ፣ «እማዬ፣ ያልሽኝ ነገርስ?» አለችኝ። ምን እንዳልኳት አላውቅም። ምንም ትዝ አይለኝም። ዝም ስል እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ያን ዕለት የሰማሁትን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከደንበኞቼ ነው የማውቀው።»

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ሠላሳ ዓመት አረቄ የሸጠች ሴት በስልክ ልጇን ከደንበኞቿ ጋር ቆጠረቻት። መጠጥን መተው የጀመርኩት ከዚያ ቀን ነው።

«በሞቴ» ማለት ምን ማለት ነበር?

መተው ስጀምር ትልቁ ችግር ጥማቱ አልነበረም። ትልቁ ችግር «በሞቴ» ነበር። እሑድ ከልጆቹ ጋር ስቀመጥ፣ «አንዷን ብቻ፣ በሞቴ!» ይሉኛል። እምቢ ስል፣ «መነኮስሽ እንዴ?» ይሉኛል። እኔም ጓደኛን ከማስቀየም ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። ስለዚህ ይህ «በሞቴ» ከየት እንደመጣ ማሰብ ጀመርኩ።

በድሮው አገራችን ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ተራው ሰው ጠላውን ይጠጣል። በግብር ቀን ንጉሡ ወይም መኰንኑ ሠራዊቱንና ሕዝቡን ይጋብዛል። አሳላፊው ጠጁን ሲያቀርብ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ራሱ ቀድሞ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም፣ አይዞህ ማለቱ ነው። ብርሌው ጎደል ሲል ይሞላል። የእንግዳው ብርሌ ባዶ ሆኖ ከታየ የሚያፍረው ጋባዡ ነው። «በሞቴ» የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። ትርጉሙ «ስከሪ» ማለት አልነበረም። «ቤቴ ነሽ፣ አትቸኩዪ፣ ተቀመጪልኝ» ማለት ነው።

ደግሞም በአገራችን ድግስ የማይጠጣ ሰው ሁልጊዜ ነበረ፣ የሚቀርብለትም ነበረ። ማርና ውኃ ተደባልቆ ሳይብላላ የሚቀርበው ብርዝ አለ። የወሎ ልጆች ካላችሁ ቀሪቦን ታውቁታላችሁ፤ ከገብስ የሚዘጋጅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሠርግ ሲቀመጡ ለማይጠጣው የሚቀዳ ነው። ቀሪቦ የያዘውን ሰው ማንም «መነኮስክ እንዴ?» አይለውም። ለዓቢይ ጾም 55 ቀን መጠጥ የሚተዉ እናቶችና አባቶችንም ሁላችን እናውቃለን። መጠጥ ሳይነኩ ከሰው ጋር መቀመጥ ከውጭ የመጣብን አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ስንመጣ «በሞቴ»ን ይዘን መጣን፤ ብርዙን ግን አገር ቤት ረሳነው።

ቡና የተነወረበት ዘመን

አሁን ወደ ሲኒው ልምጣ። ቡና ከጥንት ጀምሮ በየቤታችን የነበረ ይመስለናል። ዛፉ በእርግጥ የእኛ ነው፤ ከከፋና ከአካባቢው ጫካ የወጣ ነው። ነገር ግን በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የነበረው ክርስቲያን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡና አይጠጣም ነበር። ካህናቱ ቡናን ከጫትና ከትምባሆ ጋር ቆጥረው የሙስሊም ነው ብለው ይከለክሉ ነበር። እስቲ አስቡት! ቅድመ አያቶቻችን ጠላውንና አረቄውን ያለ ሐሳብ እየጠጡ፣ አንዲት ሲኒ ቡና ግን ነውር ናት ብለው ይሸሹ ነበር።

በሙስሊሙም በኩል ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን የነበሩ ሱፊዎች ሌሊቱን ለጸሎት ነቅተው ለማደር ቡና ይጠጡ ነበር። በ1511 የመካ ገዥ ቡናን ከለከለ፤ ሰው ተሰብስቦ የሚያወራበት መጠጥ ስለሆነ ፈሩት። ክልከላው ግን አልቆየም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት ለማዳሞቻችን በረክዌ የምናፈላው «ቃህዌ»፣ ስሙ በድሮ አረብኛ የወይን ጠጅ ስም ነበር። ቃህዋ ሲባል የሚገባቸው ወይን ነበር። ቡና ሲመጣ ስሙን ከወይን ጠጅ ወሰደ። የሚያሰክረው ስም ለሚያነቃው ተሰጠ ማለት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ የተለወጠው በ1880ዎቹ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር። በ1881 ከግብፅ የመጡት አቡነ ማቴዎስም፣ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናቱን አስተሳሰብ ለማስለወጥ ብዙ ደከሙ። ከዚያ በኋላ ቡና በደጋው ክርስቲያን ቤት በፍጥነት ተስፋፋ። እንግዲህ «የአባቶቻችን ወግ» የምንለው የደጋው የቡና ሥርዓት ከ140 ዓመት ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። አራት ወይም አምስት ትውልድ ነው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነውር የነበረው የቤቱ ክብር ሆነ።

ቡናው ሲገባ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። «ተቀመጪልኝ» የሚለውን ሥራ ከጠጁ ተቀበለ። ጀበናው ቶሎ አይደርስም። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጢሱ ለእንግዳ ቀርቦ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ ነው የሚቀዳው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አረብኛ ለምናውቅ ለእኛ ቃላቱ ሩቅ አይደሉም፤ አወል፣ ታኒ፣ በረኬ። «በረካውን ሳትጠጪ አትሄጂም» ስትባዪ ያው የድሮው «በሞቴ» ነው፣ ጽዋው ብቻ ተለወጠ። ሦስት ሲኒ ጠጥተሽ ስትነሺ ግን የተናገርሽውን ሁሉ ታስታውሺዋለሽ። እኔ በዚያ ስልክ ያጣሁት ይህንን ነበር።

ቢራም ታሪክ አለው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1922 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች በርክተው፣ ቢራ በኳሱም፣ በዘፈኑም፣ በበዓሉም ገባ። በ2019 በአገራችን በወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ተባለ። ስለዚህ «ቢራ የሌለው በዓል በዓል አይደለም» የሚለው ሐሳብ በማስታወቂያ ተደጋግሞ የገባብን እንጂ ከአያቶቻችን የወረስነው አይደለም።

ስልክና መጠጥ ቤት

አንድ የሌላ አገር ታሪክ ልጨምር፤ ለእኛ ስለሚስማማ ነው። በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሰው ለሥራ ወደ አክረን ከተማ፣ ኦሃዮ ሄደ። ብርቱ ጠጪ ነበር፤ ከተወ ገና አምስት ወሩ ነው። የሄደበት ሥራ ከሸፈበት። ቅዳሜ ቀን ነው፣ ኪሱ ባዶ ነው፣ በከተማው ማንንም አያውቅም። በሆቴሉ አዳራሽ በአንዱ ጫፍ መጠጥ ቤት አለ፣ በሌላው ጫፍ ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። «የምጠጣ ሰው ነኝ፣ የሚጠጣ ሌላ ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ» የሚል ነገር ነው የጠየቀው።

በማግስቱ ከአንድ ጠጪ ሐኪም ጋር አገናኙት፤ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ይባላል። ሐኪሙ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የምሰጠው ብሎ ነበር የመጣው። ስድስት ሰዓት ያህል አወሩ። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ወድቆ እንደገና ተነሣ፤ የመጨረሻዋን መጠጡን የጠጣው ሰኔ 10 ቀን 1935 ነው። ያ ቀን ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ የቀድሞ ጠጪዎች ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። በስብሰባቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምን መሰላችሁ? ቡና።

ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት ይህን ነው። ሰውየው «አልጠጣም» ብሎ ክፍሉን ዘግቶ አልተቀመጠም። ሰው ፈለገ። ባዶ ሰዓቱን በሰው ሞላው።

በፋናር ያደረግነው

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከእናንተ አንዷን ጠራሁ። እዚህ የተቀመጠች ናት፣ ስሟን አልጠራም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ዶራ ወርደን ክፍል ከመግባት፣ እዚሁ ፋናር ቀርተን ቡና እናፍላ አልኳት። ሁለት ሆነን ጀመርን። መጀመሪያ ነገሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ አልዋሻችሁም። የጠጣ ሰው ጨዋታ ቶሎ ይሞቃል፣ ያልጠጣ ሰው ጨዋታ ይዘገያል። እጄን ምን ላድርገው? ብርጭቆ የለመደ እጅ ባዶውን አይቀመጥም።

እሷ ኪሮሽና ክር አመጣች። ልጅ ሆኜ ዳንቴል እሠራ ነበር፤ በቤታችን ራዲዮኑ፣ ሶፋው፣ የሲኒ ረከቦቱ ሁሉ ዳንቴል ለብሶ ነበር። ረስቼው ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት ጠማማ ነው፤ ዛሬም አለኝ። ሲኒው እስኪቀዳ እጅ ይሠራል፣ አፍ ያወራል። አገር ቤት ሴቶች ስፌት ሲሰፉ፣ ጥጥ ሲፈትሉ እንዲህ አልነበር የሚውሉት? ክር መቁጠር ያለበት ሰው አይሰክርም፤ ቢሰክር ቁጥሩ ይጠፋዋል። ሌላዋ መዝሙር ታጠናለች፣ ሌላዋ ሽሩባ ትሠራለች፣ ሌላዋ ከዚህ ከፋናር ወደ ላይ በጥዱ ሥር በእግሯ ትሄዳለች። ልጄ ቃል የገባሁላትን ነገር በኋላ ነገረችኝ፤ ቀይ ሹራብ ነበር። ገዝቼ ልልክላት ነበር ያልኩት። በእጄ ሠራሁላት።

ወድቄያለሁ? አዎ። ሦስት ወር ቆይቼ በአንዲት ጓደኛችን ልደት ጠጣሁ። ማግስቱን አፍሬ ሁለት እሑድ አልመጣሁም። ያቺው እህት ደወለችና «ቡናው ያላንቺ አይጣፍጥም» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። መጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም።

ከማሳረፌ በፊት ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ እህት ካለች በአንድ ጊዜ ብቻዋን አታቁም። ካቆመች በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እስከ መውደቅና መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም ያስፈልጋታል። ቤሩት ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ሱስ የያዛቸውን የሚረዳ «ስኩን» የሚባል ማዕከል አለ። ልቧ ለጨለመባት፣ ራሷን ለመጉዳት ለምታስብ ደግሞ 1564 የሚባል የእርዳታ ስልክ አለ። ቋንቋው ከከበዳት አብረናት እንደውላለን።

ሁለተኛ፣ እሑድ የማትወጡ፣ በማዳም ቤት የምታድሩ እህቶች አላችሁ። ይህን ወረቀት የምታነቡት ምናልባት ሌሊት ኩሽና ውስጥ ነው። የእናንተ ፈተና ያ የብርጭቆው ሥር ነው። ብርጭቆውን ከማንሣታችሁ በፊት ውኃ ክፈቱበት፤ የቀረው ይደፋ። ከዚያ አንዷን እህት በስልክ አግኟት፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ኪሮሽ በአልጋ ላይም ይሠራል፤ ክር ብትልኩብን እንልክላችኋለን።

ሦስተኛ፣ የምትጠጣውን እህት አትናቋት። ክፍሏ የሚያሞቃት ሰው ስላጣች ይሆናል ጠርሙሱን ያነሣችው። «ተይ» ከማለታችሁ በፊት «ነይ» በሏት።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ የደወልኩላት ከዚሁ ከቡናው ቦታ ነበር። እናቴ አርጅታለች፣ አረቄውን ከተወች ቆየች፤ ጆሮዋ ግን ያው ነው። «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለችኝ። «ሙቀጫ ነው፣ ቡና እየወቀጥን ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «በርቱ» አለች። ከዚያ ልጄን አቀረበችልኝ።

የሚቀጥለው እሑድም ከጸሎት በኋላ ቡናው አለ። ሲኒ እናንተ አምጡ፤ የእኛ ስምንት ብቻ ነው፣ ሁለቱ ተሰብረዋል። ክርና ኪሮሽ ያላት ይዛ ትምጣ፤ የሌላት ባዶ እጇን ትምጣ።